የጀልባዋ ሳንባ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ፣ አሮጌ ጎማ ያንጠለጠልኩባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። ስለ አየር የሚከራከረኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። በየት እንደሚገባ፣ በየት ሾልኮ እንደሚወጣ፣ ሲሞቅ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ሲበርድ እንዴት እንደሚሟሽሽ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢያንስ እስካለፈው ጥምቀት ድረስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ነው። ከቀሰሰ ወዲህ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን እስከ ዛሬ አንተ ነው፤ እዚህም እንደ ልቤ ብጽፍ ይቅር ይበለኝ። የሚያገለግለው ከጅጋ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሁለታችንም በተወለድንበት ገጠር፣ ኮረብታ አናት ላይ ባለ ደብር ነው። ኮረብታ የምለው በድሮው አፌ ነው። የመስኖ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ውኃው ሜዳውን ሞልቶ ኮረብታውን ደሴት አድርጎታል። ቤታችን፣ ማሳችን፣ በራችን ላይ የነበረው ዋንዛ፣ ሁሉም ከሥር ቀርቷል። ምእመኑ ማዶ ካለው ዳገት ሠፍሯል፤ ወንድሜም ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው አስፍሮ፣ እሱ ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር ቤተ ክርስቲያኑን ይጠብቃል።

እዚያ ውኃ ዳር በደረስኩ ቁጥር የሚሰቀጥጠኝ ነገር አለ። በልጅነታችን የምንመላለስበት ጥርጊያ መንገድ ቀጥ ብሎ ይመጣና ውኃው ውስጥ ይገባል። አይጠብም፣ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ማዶ ደግሞ ከውኃው ወጥቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ውኃው ሲጠራ መንገዱ ከሥር ሲሄድ ትንሽ ድረስ ይታያል። እኔ አላየውም፤ ፊቴን አዞራለሁ።

መሻገሪያዋ አንዲት ጀልባ ናት። ግድቡ ሲሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ እሑድ እሑድ በሸራ ነፋስ እየያዘ ሊንሸራሸርባት አምጥቷት፣ ሥራው ሲያልቅ ጥሏት ሄደ። የሸራው ምሰሶ ተሰብሯል፤ ሸራውም ዛሬ የበርበሬ ማስጫ ነው። ነፋስ መያዝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ዘርግተው እየሳቡ ያሻግሯታል። በውስጧ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ በአየር የተነፉ አራት ቢጫ የፕላስቲክ ከረጢቶች ታስረዋል፦ ሁለቱ ረዣዥም በጎንና በጎን፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ ሹል ከፊት። ጀልባዋ ውኃ ብትሞላ እንኳ እነሱ ናቸው አንሳፍፈው የሚይዟት። አገሬው ስሙን ጠይቆ የሚነግረው ሲያጣ ሳንባ አላቸው።

አምና በከተራ ዋዜማ ሳንባዎቹ አርጅተው ተንፍሰው፣ ጀልባዋ ከታሰረችበት ሰጥማ ተገኘች። ታቦቱ ሳይወጣ ቀረ። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ማዶ ማዶ እያየ ውሎ እያለቀሰ ገባ። በዚያ ክረምት በረዶ በቆሎውን አወረደው፤ ለምን እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ዘንድሮም ካልወጣ ብዙው ሰው ደብሩን ትቶ ወደ ሌላ አጥቢያ ሊሄድ ተማክሯል። ገና ባለፈ በማግስቱ ወንድሜ ደውሎ ይህንኑ ነገረኝና፣ አንተ ጎማ ትለጥፍ የለም እንዴ አለኝ። ታቦቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ዋና ደግሞ አይችልም፤ እኛ ውኃ እዚህ ድረስ መጥቶ ያገኘን እንጂ ውኃ ያሳደገን ሰዎች አይደለንም።

ማስቲሼን፣ ሞረዴን፣ የእጅ ፓምፔን ይዤ ሄድኩ። አዲስ ሳንባ አገር ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ደብሩ አቅም የለው። እኔ ደግሞ በርካሽ መሥራት ነው ሙያዬ። በመጀመሪያ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ገብቶ አየር ከሚይዘው ላስቲክ፣ ቆርጬ ለጠፍኩበት። በማግስቱ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። የጎማ ማስቲሽ ፕላስቲክ አይነክስም፤ ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን ግትርነቴ ነው። ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። የከረጢቱን ጫፍ ቀድጄ የባጃጅ ከመነዳሪ በውስጡ አስገባሁና፣ መንፊያውን ወደ ውጭ አውጥቼ በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ከረጢቱ ልብስ ሆነ፤ አየሩን የሚይዘው ከመነዳሪው ነው። ሦስቱን እንዲህ አድርጌ ጨረስኩ። ነፍቼ ውኃ ውስጥ ደፍቄ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ አንዲት አረፋ የለም። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አራተኛው፣ የፊተኛው፣ ጠባብና ሹል ስለሆነ ከመነዳሪ አልገባ አለኝ። ያለኝ ምርጫ ራሱን መለጠፍ ነው። ከዚያው ከከረጢቱ ጫፍ ቁራጭ ወስጄ በውኃ ቧንቧ ማጣበቂያ ልለጥፈው አሰብኩ። ማጣበቂያው በደንብ እንዲደርቅ ቀናት ይፈልጋል። ቀኑ ደግሞ ጥር ሥላሴ ነበር።

በእኛ አገር በሥላሴ ቀን ሞረድ የሚያነሳ ሰው የለም። ከተማ ብሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ባጃጅ ነጂ በዓል አያውቅም። እዚያ ግን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነኝ። ነገ ልሥራው ብል ለከተራ አይደርቅም። ስለዚህ ወንድሜና መነኩሴው ማኅሌት ላይ እያሉ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ተደብቄ ሞረድኩ፣ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ። ድንጋይ ጭኜበት ቆየሁና ረፋዱ ላይ በቀስታ ነፍቼ በርሜል ውስጥ ደፈቅኩት። ከውስጥ ከበሮው ይመታል። አንድ አረፋ ወጣች። ቆየሁ። ቆየሁ። ሌላ አረፋ። ልብ ስለው አረፋዋ የምትወጣው ከበሮው በመታ ቁጥር ነበር፤ ከበሮው ሲያርፍ እሷም ታርፋለች። የድምፁ ንዝረት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጠጉሬ ግን ቆሞ ነበር።

ሲወጡ ወንድሜና ለበዓሉ ከማዶ የተሻገሩት የደብሩ አለቃ፣ ሽማግሌዎችም ተከትለው፣ እኔ ወዳለሁበት መጡ። አለቃው አልቋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ቀላል ነበር፦ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ጠዋት ጠዋት ይነፋ። ይኸው ነው፤ ማንም አይገለኝም። ግን መቼ ለጠፍከው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ኩራቴም አለ። አልቋል፣ እስከ ክረምት አይተነፍስም አልኩ። መረቁኝ። አንዲት እናት ማጣበቂያ የሚሸት እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቃሌን ማጠፍ የማይታሰብ ሆነብኝ።

እስከ ከተራ እዚያው ቆየሁ። ጀልባዋን ዳር ላይ አውጥተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት። ቀትር ላይ፣ ወፍ እንኳ ዝም ሲል፣ ሳንባዎቹ መሰማት ይጀምራሉ። ሙቀቱ ሲያሳብጣቸው ስፌቱ ይንጠራራል፤ ቋ ይላል፣ ደግሞ ቋ። ወደ ማታ ሲበርድ ቀስ ብለው ይሟሽሻሉ፤ ረዥም ትንፋሽ የሚያወጣ ሰው አጠገብህ የተኛ ይመስልሃል። አየር ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይቀንሳል ብዬ ለመነኩሴው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና የማን ትንፋሽ ነው የሞላህበት አሉኝ። የማንም አይደለም አባ፣ በፓምፕ ነው አልኳቸው። ፓምፑስ ከየት ሳበው አሉኝ። ከዚሁ ከዳሩ አልኩ። አሃ አሉና ወደ ውኃው አዩ።

የሚያዩት ቦታ ገብቶኛል። ኮረብታው ግርጌ፣ ከቤታችን ከፍ ብሎ፣ ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት ቦታ ነበር። የእኛም ቤት አንድ እዚያ አለው፤ ስም ሳይወጣለት የሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሙቀትና ብርድ ማስረዳቱን ተውኩት። መነኩሴው ግን ጀልባዋ አጠገብ ዳግመኛ አልተቀመጡም፤ ሲያልፉም ራቅ ብለው ነበር የሚያልፉት።

የከተራ ዕለት ማዶው በነጭ ተሸፈነ። ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ድረስ የመጣ ሰው አለ፤ አምና እያለቀሰ የገባው ሁሉ ወዳጅ ዘመዱን ጠርቷል። ካህናቱን ቀደም ብለን ሁለት ሁለት እያልን አሻገርን፤ ጀልባዋ እንደ ላባ ቀላል ነበረች። ዙሪያዋን የተቀባ ቀይ መስመር አላት፤ መስመሩ ከውኃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። እኔም ተሻግሬ ገመዱ የታሰረበት ግንድ አጠገብ ቆምኩ። ሁለት የተነፉ የባጃጅ ከመነዳሪዎች ከዕቃዬ ጋር ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኳቸው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

በመጨረሻ ወንድሜ ታቦቱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ መነኩሴው ጥላና ቃጭል ይዘው፣ ሁለቱ ብቻ ተሳፈሩ። ወንድሜ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሥራ ሁለት ጎልማሶች ገመዱን መሳብ ጀመሩ። እልልታው ውኃውን እየዳሰሰ ሲመለስ ከደሴቱ በኩል ሌላ ሕዝብ የሚመልስ ይመስል ነበር፤ እዚያ ግን ማንም አልቀረም። ጀልባዋ አጋማሹን አልፋ፣ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስባት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

ጎልማሶቹ ጠበቅ አድርገው ሳቡ። ገመዱ ተወጥሮ ውኃው ከውስጡ ጠብ ጠብ አለ። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። አለቃው እጃቸውን አነሡና ተዉት አሉ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን ቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ ሳይለው፣ ሰዉ ሁሉ ተቀባበለው፦ አልሄድም አለ።

ታቦት በመንገድ ላይ እንቢ ሲል በእኛ ዘንድ አይጎተትም። የሚጠብቀው ነገር አለ ማለት ነው። የተጣላ ይታረቃል፣ የሰው ዕቃ የወሰደ ይመልሳል፣ በሆዱ የያዘ ይናገራል፤ እስከዚያ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ እግዚኦ ይላል። ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ በአንድ ጊዜ ተደፋ። እግዚኦታው ተጀመረ። በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ተነሥተው እየተላቀሱ ተቃቀፉ፤ ድንበሩ ራሱ ውኃ ውስጥ ከገባ ስንት ጊዜው። ገመዱ ተሳበ፤ ጀልባዋ ቆማለች። አንዲት ሴት ስለ ምራቷ የተናገረችውን ክፉ ቃል ጮኻ ተናዘዘች። ገመዱ ተሳበ፤ ጀልባዋ ቆማለች።

ቀይ መስመሩ ጠፍቶ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር። እንደገና አየሁ። ውኃው የጀልባዋ ከንፈር ላይ ደርሶ ወደ ውስጥ ዝም ብሎ ይገባል። ድምፅ የለው፣ ችኮላ የለው። ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታቦት የተሸከመ አይናገርም፤ እሱም አልተናገረም፣ ወደ እግሩም አላየም። መነኩሴው ውኃ ውስጥ ተንበርክከው ቃጭላቸውን ያንቃጭላሉ። ኋላ ብጠይቃቸው ውኃውን አላየሁትም አሉኝ፤ እሳቸውም እንደ ሕዝቡ ታቦቱ እንቢ ያለ መስሏቸው ያለቅሱ ነበር። ዳር ያለውም ቢሆን ግንባሩን ደፍቷል፤ ቀና ያለም ካለ የሚያየው ታቦቱን እንጂ ጀልባዋን አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አፌ ተሳሰረ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ የሚያስከብር ነገር የለውም። ይቀጠቅጡኛል አልኩ። ወንድሜን ከክህነቱ ያስወጡብኛል አልኩ። አንድ ሰው ሌላ ኃጢአት ቢናዘዝና ጀልባዋ ንቅንቅ ብትል ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ የሰው ኃጢአት እንዲያወጣኝ ለመንኩ። የፊተኛው ሳንባ ሲሟሽሽ፣ አረፋዋ አንድ በአንድ ስትወጣ በዓይኔ ይታየኛል። ውኃው የወንድሜን ቁርጭምጭሚት አለፈ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ልብሰ ተክህኖው ጫፉ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሲዘረጋ አየሁ።

"ጀልባዋ እየሰጠመች ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ሳንባውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እንደሚያፈስ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው አልቋል ያልኳችሁ።"

እግዚኦታው ቀጥ አለ። ቃጭሉ ብቻ ውኃው ላይ ይሰማል። አለቃው ተነሥተው አጠገቤ መጡ። አልተቆጡም።

"መቼ ነው የለጠፍከው?" አሉኝ።

"በሥላሴ" አልኩ።

ከኋላዬ ሰዉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይኸው ተገኘ እንደማለት። ከዚያ ወደ ውኃው እያሳዩ "በል ግባ" አሉኝ።

ዋና አልችልም። ሁለቱን ከመነዳሪዎች በአንድ ክንዴ አስገብቼ፣ በሌላው ገመዱን ይዤ ገባሁ። ውኃው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲጠፋ ገመዱን እጅ በእጅ እያልኩ ሄድኩ። ጀልባዋ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረኝ እግሬ አንድ ነገር ረገጠ። ጠንካራ፣ ልሙጥ፣ ዘንበል ያለ። ሌላውን እግሬን ወደ ጎን ስልከው መንታው ቅርንጫፍ የሚገኝበት ቦታ ላይ ተገኘ። ዋንዛችን ነው። ልጅ ሆነን ስንወጣበት እግራችን የሚያርፍበት መንታ ላይ ነው የቆምኩት፤ የጀልባዋም ሆድ እዚያው ላይ ተቀምጧል። ወደ ታች አላየሁም። አሁንም ሕልሜ ውስጥ ወደ ታች አላይም።

ወንድሜ ከበላዬ ቆሟል። ውኃው ከጉልበቱ በታች ደርሷል፤ ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። እጄን ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ሰድጄ ያን የዋሸሁበትን ሳንባ ፈለግኩ። እጄ ድንጋይ የነካ መሰለኝ። ጥንቅቅ ብሎ ተነፍቶ፣ ከገመዱ ሊያመልጥ እየታገለ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ብቻውን ይዟል። ወደ ጎን ሰደድኩ። የቀኙ ባዶ ነው። የግራው ባዶ ነው። እንደ ምንም ብዬ ወደ ኋላ ተንጠራርቼ ነካሁ፤ እሱም ባዶ። አንዲት አረፋ ያላየሁባቸው፣ የኮራሁባቸው ሦስቱ፣ የወለቀ ካልሲ ሆነው ውኃው ውስጥ ይወዛወዛሉ።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። አንዱን ከመነዳሪ በግራ፣ አንዱን በቀኝ ከመቀመጫው ሥር እየታገልኩ አስገባሁ። ጀልባዋ ብዙ አልተነሣችም፤ አንድ ጣት ያህል ብትሆን ነው። ግን ከመንታው ላይ ለቀቀች። እጄን አነሣሁ፤ ሳቡ። ተንቀሳቀሰች። ከዳር የተነሣውን እልልታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከኋላዋ ተንጠልጥዬ እግሬ መሬት እስኪነካ ድረስ ተጎተትኩ። ወንድሜ ወርዶ፣ ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ፣ በአጠገቤ አልፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ማንም አልመታኝም። እንዲያውም በደለኛው ተናዘዘ፣ ታቦቱም እሺ አለ ተባለ። ሰዎች ትከሻዬን እየነኩ ሲያልፉ እንደ ታመመና እንደዳነ ሰው አደረጉኝ። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ሳንባዎቹን ፈትቼ አወጣኋቸው። ሦስቱን እንደገና ነፋሁ። ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ደፈቅኳቸው። ጠበቅኩ። አንዲት አረፋ የለም። መንፊያቸው ጥብቅ ነው፣ ስፌታቸው ደህና ነው። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንደተነፉ ነበሩ። አራተኛውን ደፈቅኩት፤ አንድ አረፋ፤ ቆይቶ ቆይቶ አንድ። ማንም ከበሮ አይመታም ነበር።

ይህንን ለሰው ስነግር መፍትሔ የሚሰጠኝ አይጠፋም። ፀሐይ ላይ አብጠው ውኃ ውስጥ ቀነሱ ይለኛል አንዱ። ይህንንማ እኔም ለመነኩሴው አስረድቻለሁ። ሲቀንስ እንዲህ ባዶ አይሆንም፤ ባዶ የሆነ ነገር ደግሞ አየሩ በሆነ ቦታ መውጣት አለበት። በየት ወጣ? አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህን ቃል ስለ አየር የተናገርኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሜ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ደረቅ ነጠላ ለብሶ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ አገኘሁት። የውኃው ብርድ ጉልበቱን ይዞታል። ከጎኑ ቁጭ አልኩ። ልቤ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ልነግረው የቸኮልኩት እሱን ነው። የተናዘዝኩበት ጥፋት ጥፋት አልነበረም። ጀልባዋን ያሰጠመው እኔ የዋሸሁበት አይደለም።

"የፊተኛው ደህና ነበር" አልኩት። "ያ የሚያፈሰው። እሱ ነው አንቱን የያዘዎት።"

እግሩን ማሸቱን ተወ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያየኝ እንደ ቄስ አይደለም፣ እንደ ድሮው ነው።

"እኔ ሳንባውን አላየሁም" አለኝ። "አንተን ነበር የማየው። ጀልባዋ ስትቆም ወዲያው ፊትህ ተለወጠ። እንዳወቅህ አወቅኩ። መናገር አልችልም፣ ታቦት አለብኝ። እስክትናገር ድረስ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።"

ስንት ጊዜ ደገሙ አልኩት። ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር።

"ዘጠኝ" አለኝ። ቁጣ የለበትም። የጨረሰ ሰው ቁጥር እንደሚናገር ነው የተናገረው። ከዚያ ተነሣና፣ ርቦሃል፣ ና ጠበል ቅመስ ብሎኝ ወደ ሰዉ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ባለፈው ጾም፣ ሱቄ ውስጥ ሥራ ቀዝቅዞ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት፣ ልሞክረው አልኩ። እሱ እንደሚደግመው ረጋ ብዬ፣ ቃሉን ሳልበላ ጀመርኩ። በአንደኛው ደህና ነበርኩ፤ ሰው ይደነግጣል፣ አፉ ይያዛል። በሦስተኛው ላብ አጠመቀኝ። ዘጠኝ በጣም ረዥም ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወንድሜ በዓይኑ ሲጠብቀኝ እኔ ዳር ላይ ቆሜ አየው ነበር። በአምስተኛው አቆምኩ፤ ስድስተኛውን እስከ ዛሬ መድገም አልቻልኩም።